ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመችው የቀጠሮ ካርዴ

የግራ ደረቴ እስከ ብብቴ ድረስ አይሰማኝም። በመርፌ ብትወጉኝ አላውቅም። ጡት ሲቆርጡ ነርቩም አብሮ ይሄዳል፤ አንዳንዷ ላይ ይመለሳል፣ አንዳንዷ ላይ አይመለስም ብለውኛል ሐኪሞቹ። እኔ ላይ አልተመለሰም። ይህን የማነሳው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ከሕክምናው በኋላ ሁለት ዓመት ያህል የደነዘዘው ደረቴ ብቻ እንዳልነበረ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

አስቴር እባላለሁ። ቴፒ ገበያ ውስጥ እርድ፣ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ታደሰ አናጢ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉን። ስለ ጡት ካንሰር ሬዲዮው ሁሌ ያወራል፤ ግን ሁሉም «ቶሎ ተመርመሩ» ብሎ ያበቃል። ታክሞ ስለጨረሰ ሰው የሚናገር አልሰማሁም። የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ብርቱካን፣ ጨርሻለሁ ብለው የሚቀሩ ብዙ ናቸውና ያየሽውን ጻፊው እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። ይኸው ጻፍኩ። አማርኛዬ ካላማረ ይቅርታ፤ ቤታችን የሚነገረው ሸኮኛ ነው።

እብጠቷን ያገኘኋት አንድ ቅዳሜ ከገበያ ተመልሼ ገላዬን ስታጠብ ነው። ግራ ጡቴ ላይ፣ በብብቴ በኩል፣ ከሽንብራ ከፍ የምትል ጠንካራ ነገር። ብነካት አታምም፤ ብጫናት አታምም። ያላመመኝን ነገር ለሐኪም ምን ብዬ እነግራለሁ አልኩና ተውኳት። እኛ ሰፈር በሽታ የሚባለው የሚያም ነገር ነው። ይህ የመጀመሪያ ስህተቴ ነበር፤ ኋላ ከሠራሁት ጋር ሲተያይ ግን ትንሹ ነው።

ስታድግ ጊዜ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሰውየው ዳሰሰኝና የወተት ቋጠሮ ነው አለኝ። ትንሹ ልጄ ጡት ከተወ አምስት ዓመት አልፎታል ብዬ ብነግረው፣ አንዳንዴ ይከርማል አለኝ። እሱ ነጭ ጋውን ለብሷል፣ እኔ እርድ ሻጭ ነኝ፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ? የሰጠኝን ካፕሱል ውጬ ጨረስኩ። ቋጠሮዋ እንዳለች ናት።

ከዚያ ጎረቤቶቼ መጡ። እርድ በለጋ ቅቤ ለውሰሽ ቀቢው፣ ሥሩን ነቅሎ ያወጣዋል አሉኝ። እርድ ከእኔ በላይ ማን አለው? ከመደቤ ምርጡን ወስጄ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ቀባሁ። ሸሚዜ ቢጫ ሆነ፤ አንሶላው ቢጫ ሆነ፤ ታደሰ ራሱ ቢጫ ሆነ። የጡቴ ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምር ነው ሲስተር ብርቱካን አይታኝ የደነገጠችው። እሷ ሪፈር ጻፈችልኝ፤ ሪፈር ማለት ወደሚቀጥለው ሆስፒታል የሚያሳልፍ ወረቀት ነው። እሱን ይዤ ሚዛን ሆስፒታል ሄድኩ።

ሚዛን ያየኝ ሐኪም ልጅ እግር ነው። ሸሚዜን ስገልጥ ጎንበስ ብሎ አተኮረ። ከዚያ የዐይኔን ቆብ ገልጦ አየ፤ ጉበቴ የታመመ መስሎት ነው።

«እናቴ፣ ይህ ቢጫ ምንድን ነው?» አለኝ።

«እርድ ነው» አልኩት።

«ማን ነው የሸጠልዎት?» አለ ቆጣ ብሎ።

«እኔው ነኝ።»

አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። አሁን ሳስበው ነው የሚያስቀኝ። በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰደና ውጤቱ ሲመጣ ታደሰ ባለበት ነገረን። ካንሰር ነው አለ። ታደሰ ወንበሩን ያዘ። እኔ የማስታውሰው ከሐኪሙ ጀርባ መስኮቱ ላይ አንዲት ዝንብ እንደነበረች ነው። ዝንቧን ሳይ ቆየሁ። ቤት ገብቼ ለእናቴ በሸኮኛ ልነግራት ብዬ ቃሉን አጣሁት፤ ቁስል ነው አልኳት። ቁስል ይድናል አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

እዚህ ላይ ስለ ጤና መድን ደብተራችን መናገር አለብኝ። ቀበሌያችን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቡናው ተለቅሞ ተሽጦ ሰው እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ ይመዘግባል። ለቤተሰቡ በሙሉ ከፍለን ደብተራችን ይታደሳል። በሪፈር ደረጃውን ጠብቆ ለሄደ ሰው የሕክምናውን አብዛኛውን ወጪ መድኑ ይችለዋል። ደረጃ መዝለል የለም። የምዝገባው ጊዜ ካለፈም አለፈ ነው፤ እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ነው። ያን ዓመት ታደሰ ማሳደሱን ችላ ብሎት ነበር። የሰፈራችን መዝጋቢ ጋሽ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ የመጨረሻውን ጊዜማ በራችን ላይ ቁጭ ብለው አስከፈሉት። ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ ጅማን አይተን እንመለስ ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን ያዙልኝ።

ጅማ ሆስፒታል ግራ ጡቴ ተቆረጠ። ከዚያ ኬሞ የሚሉትን፣ በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ጀመርኩ፤ በየሦስት ሳምንቱ ከቴፒ ጅማ። መድኃኒቱን ከመውሰድ መጠበቁ ይከፋል። አግዳሚ ወንበር ላይ እንደረደራለን፤ ሁላችንም ሻሽ አስረናል፤ ስም ሲጠራ የሁሉም ራስ ቀና ይላል። የማን ወንበር ባዶ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። እኔ አልፈራሁም። አላለቀስኩም። ጸጉሬ ሲረግፍ ያለቀሰው ታደሰ ነው፤ እኔ መጥረጊያ አምጥቼ ጠረግኩት። ሰዎች ብርቱ ሴት ይሉኝ ነበር። ብርታት አልነበረም፤ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም እንጂ።

ዘይነባን ያወቅኳት እዚያ ወንበር ላይ ነው። የአጋሮ ሰው ናት፤ ባሏ ቡና አለው። እሷ ስታወራ እኔ እሰማለሁ፤ እንዲያ ነበር ጓደኝነታችን። ማቅለሽለሹ ሲመጣ ሎሚ ለሁለት ትሰነጥቅና ግማሹን ወደ አፌ ታስጠጋለች። አብሽሪ ትለኛለች፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። አንድ ቀን፣ አንቺ ሴት ዝም ብለሽ ዝም ብለሽ አንድ ቀን ትፈነጂያለሽ አለችኝ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ታደሰ ክፉ ባል አይደለም፤ ይህን ማንም እንዳይሳሳት። ያን ሁሉ ወር የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል። አናጢ ነውና ልኬት ሁሉ መዳፉ ላይ በእስኪርቢቶ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ መዳፉ በእኔ መድኃኒት ስምና ሰዓት ተሞልቶ ነበር። እዚያው ኮሪደር ላይ ለእግዚአብሔር ቃል ገባ። ሚስቴ ከተረፈች በጉባኤ ፊት ቆማ ትመሰክራለች አለ። እኔ ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

ሕክምናው ያበቃ ዕለት ሐኪሟ ሁለታችንን አስቀምጣ፣ «ሕክምናዎ አልቋል። ክትትሉ ግን ገና አሁን ነው የሚጀምረው» አለች። በሽታው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ እዚያው ጠባሳው ላይም፣ ሌላኛው ጡት ላይም፣ ሌላ ቦታም። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ መጥተው ይታያሉ፣ በዓመት አንዴ የጡት ራጅ ይነሳሉ፣ ይህን ኪኒን ደግሞ በየቀኑ አንድ አንድ ለዓመታት ይወስዳሉ አለችኝ። ቀኖቹን አረንጓዴ ካርድ ላይ ጻፈችልኝ። ታደሰ «አልቋል» የሚለውን ብቻ ይዞ ወጣ። እኔ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ሰምቼ ግን ሁለቱም ስለ ሌላ ሰው የተነገሩ መሰሉኝ።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ የቆየ ልማድ አላት። የተፈወሰ ሰው እሑድ ቆሞ ሲመሰክር የበሽታውን ምልክት ከመድረኩ ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ምልክቱ ከዚያ ወደ ቁም ሳጥን ይገባል። ቁም ሳጥኑን ከዋንዛ እንጨት በነጻ የሠራው ታደሰ ነው፤ ቁልፉ ጋሽ ጴጥሮስ ዘንድ ነው። ውስጡ ሁለት ምርኩዝ፣ አንድ ትልቅ የሳንባ ራጅ፣ ባዶ ብልቃጦችና የእማማ ማርታ መነጽር አለ። እማማ ማርታ ዐይኔ በራ ብለው መነጽራቸውን ያስቀመጡ ዕለት ጣሪያው እስኪነሳ ነበር እልል የተባለው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ክንዳቸው እስከሚደርስ አርቀው ይይዙታል። ጥቅሱን በቃላቸው ስለሚያውቁት ማንም ምንም አይላቸውም።

እኔስ ምን ላስቀምጥ? የተቆረጠው ጅማ ቀርቷል። ታደሰ ካርዷን አለ። ካርዷን ያዝኩና ወጣሁ። ጌታ ፈውሶኛል አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም፤ ዛሬም ውሸት ነበር አልልም። ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ የተኛን ሰው ጸሎት ከንቱ ነው የሚል አፍ የለኝም። ግን ካርዷን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ላይዋ ላይ የጥር ቀጠሮዬ ተጽፎ ይታየኝ ነበር። ሰው እልል አለ። ታደሰ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ጋሽ ጴጥሮስ ካርዷን አንስተው ለጉባኤው አሳዩና ከመነጽሩ አጠገብ አስገብተው ቆለፉ።

ጥር መጣ፤ አልሄድኩም። ማንም አትሂጂ አላለኝም፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ። እንዴት ልሂድ? በጉባኤ ፊት ድኛለሁ ብዬ፣ በማግስቱ ሪፈር ጻፉልኝ ብል ሰው ምን ይላል? አስቴር ምስክርነቷን በላች ይላል። ኪኒኑን ከኮረሪማው ጆንያ ሥር ደብቄ ለጥቂት ወራት ወሰድኩ። ሲያልቅ ሌላ ለመውሰድ ካርዷ ታስፈልግ ነበር። ካርዷ የት እንዳለች ታውቃላችሁ።

በዚያው በጥር ሰሞን የመድኑ ምዝገባ ደረሰ። እኔ በረንዳው ላይ ኮረሪማ እለቅማለሁ። ጋሽ ጴጥሮስ መዝገባቸውን ይዘው የጎረቤቶቻችንን ቤት አዳርሰው እኛ ዘንድ መጡ። ታደሰ ወጥቶ በእኛ ቤት እንግዲህ ታማሚ የለም፣ ጌታ ይመስገን አለ። ጋሽ ጴጥሮስ ወደ እኔ ዞር አሉ። ዐይን ለዐይን ተያየን። አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ይጽፉ ነበር። አልተናገርኩም። አሜን አሉና መዝገቡን አጥፈው ሄዱ። ለአምስታችን የነበረ ደብተር እንዲህ ቀረ፤ ልጆቼም አብረው ከመድን ወጡ። ያን ዕለት እንኳ ምንም አልተሰማኝም። ኮረሪማዬን መልቀም ቀጠልኩ።

ዘይነባ ደወለች። በቀጠሮሽ ቀን ጠብቄሽ አጣሁሽ አለችኝ። በሌላ ቀን ሄጄ ነበር ብዬ ዋሸኋት። ድምፄን ከሰማች ወዲያ ሌላውን የምታወራው እሷ ስለሆነች አልታወቀብኝም። እንዲህ እየዋሸሁ ሁለት ዝናብ አለፈ። መካከል ላይ የምዝገባው ጊዜ ሁለቴ ደግሞ መጥቶ ነበር፤ ጋሽ ጴጥሮስ በራችንን ሰላምታ ሰጥተው አለፉት። እጄ ያብጣል፣ ወገቤን ያመኛል፤ የሥራ ብዛት ነው እላለሁ። ገላዬን ስታጠብ ቀኝ ጡቴን በሳሙና ብቻ እዳብሰዋለሁ፤ ጣቴን አልጫነውም። እጄ ብዙ ጆንያ ቁንዶ በርበሬ ያበጠረ እጅ ነው፤ ድንጋይ ካለ ያገኛል። እንዳያገኝ ብዬ ነው።

አንድ ማክሰኞ እርድ ስመዝን ዘይነባ ደወለች። ድምፅዋ እንደወትሮው አልነበረም። በቀጠሮዋ ሄዳ ሐኪሟ በቀኟ በኩል ትንሽ ነገር አግኝታለች። ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ወጥታለች፤ መድኃኒት እንደገና ጀምራለች።

«ባልሄድ ኖሮ አላውቅም ነበር፤ አያምምም እኮ። አንቺ ታውቂዋለሽ» አለችኝ። ቀጥላ፣ «አንቺንስ ባለፈው ምን አሉሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ደንበኛዬ ፊቴ ቆማ እርዷን ትጠብቃለች። ሚዛኑን አስቀመጥኩ። ሄጄ አላውቅም አልኳት። ካርዴ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባታል አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አለች። ዘይነባ ዝም ስትል ያኔ ነው የመጀመሪያዬ።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለች በመጨረሻ።

ጋሽ ጴጥሮስ ጋ አልኳት። እኔም ስልኩን ዘግቼ የሴትየዋን እርድ መዘንኩላት። እርዱ ግን ከእጄ አምልጦ መሬት ላይ ፈሰሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ። ፍርሃት ነበር። ፍርሃት ሲመለስ ደስ አይልም፤ ግን በሕይወት እንዳለሁ ያወቅኩት በሱ ነው።

ለታደሰ የነገርኩት እንጨት ሲልግ ነው። ካርዴን ልወስድ ነው፣ ጅማ እሄዳለሁ አልኩት። መላጊያውን ሳያቆም ሰው ምን ይላል አለ። ሰው የሚለውን ይበል አልኩት። እምነትሽ የት ሄደ አለ። ስለ እምነት ብዙ ተነጋገርን፤ ከፍ ዝቅ አልን፤ እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ መላጊያውን አስቀመጠና እግሩ ሥር የተከመረውን የእንጨት ፍቅፋቂ ገፋ አደረገ።

«ሄደሽ ካገኙብሽስ?» አለኝ። «እኔ ያንን ኮሪደር ሁለተኛ አልችልም፣ አስቱ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እምነት ነው ብዬ የተሸከምኩት የእሱ ፍርሃት ኖሯል። የእኔም ያው ነው፤ እሱ በቃል ሸፈነው፣ እኔ በዝምታ። ተናድጄበት ነበር፤ ንዴቴ ወዴት እንደገባ አላውቅም። አጠገቡ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩና ባንሄድም እኮ ካለ አለ፤ የሚለየው ማወቃችን ብቻ ነው አልኩት። መላጊያውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ። በማግስቱ ግን ጋሽ ጴጥሮስ ቤት ስሄድ ከኋላዬ መጣ።

ጋሽ ጴጥሮስ ምሳ ላይ ነበሩ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው እጃቸውን ታጠቡ፤ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቀደሙን። እኔ ተግሣጽ ጠብቄ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት የአይጥ ሽታ ወጣ። ካርዴ ጥጓን አይጥ በልቷታል፤ ቀኖቹ ግን ይነበባሉ። ሁሉም አልፈዋል።

«ያን ዕለት በረንዳው ላይ ዐይንሽን አይቼዋለሁ» አሉኝ። «መጻፍ ነበረብኝ። ሽማግሌው መዝጋቢውን ዝም አሰኘው። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ይቅር ባይዋ እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ቀጥለው ክፉውን ነገሩኝ፤ የምዝገባው ጊዜ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ልመናም የሽማግሌነት ፊትም አይሠራም፤ መድኑን ለማግኘት እስከሚቀጥለው ምዝገባ መጠበቅ ነው። ጠብቄ በመድን ልታይ ወይስ አሁን ከኪሴ? ታደሰ እዚያው፣ አትጠብቅም አለ። ለበዓል ያስቀመጥኩትን ኮረሪማ በጅምላ ሸጥኩ። ደብተሩ ቢኖር ያ ሁሉ ጆንያ ቤቴ ይቀር ነበር፤ ለሌሎቻችሁ ትምህርት ይሁን።

ስንወጣ ጋሽ ጴጥሮስ ጠሩኝ። የእማማ ማርታን መነጽር በመሐረባቸው እየወለወሉ ነበር። ቤታቸው በመንገድሽ ነው፣ ታደርሽላቸዋለሽ አሉኝ። አደረስኩላቸው። እማማ ማርታ መነጽሩን አደረጉ፤ ፊቴን አተኩረው አዩና እንዲህ ከስተሻል እንዴ አሉኝ።

ጅማ፣ ያው አግዳሚ ወንበር። ዘይነባ ሰው አሸጋሽጋ ቦታ ይዛልኛለች፤ ጸጉሯ እንደገና ሄዷል። ሎሚ ግማሽ ሰጠችኝ፤ የሚያቅለሸልሸውን መድኃኒት አሁን እንደማልወስድ ረስታው ነው። እኔም ተቀብዬ መጠጥኩት። ስሜ ሲጠራ ተቀምጬ ቀረሁ። ታደሰና እሷ በግራና በቀኝ አስነሱኝ።

ሐኪሟ ያችው ነበረች። ካርዷን አገላብጣ አየች፤ አይጥ የበላው ጥግ ላይ ቆም አለች፤ አልጠየቀችም። ጠባሳውን ተጫነች፤ እዚያ አይሰማኝም። ብብቴን፣ አንገቴን፣ ቀኝ ጡቴን። ቀኙ ይሰማኛል። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ዘገየ። ወደ አልትራሳውንድ ላከችኝ፤ ራጅም ተነሳሁ፤ ደምም ሰጠሁ። ውጤቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ጠበቅን። ታደሰ በእነዚያ ሁለት ቀናት አልጸለየም ብል ሐሰት ነው፤ ግን ጸሎቱን ሲጨርስ ውጤት መቼ ነው ይለኝ ነበር።

ምንም አልተገኘም። ሐኪሟ ቃሏን እየመረጠች፣ አሁን የሚታይ ነገር የለም አለችኝ። ኪኒኑን አቋርጬ በመክረሜ ተቆጣችኝ፤ እንደገና ጻፈችልኝ። የእጄ እብጠት ከጡቴ ጋር የብብቴ ዕጢም አብሮ ስለወጣ ነው፤ ቀድመው ቢመጡ ኖሮ እብጠቱን የሚያስታግስ እንቅስቃሴ እናሳይዎት ነበር አለች። እኔ ምሥራቹን ሰምቼ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት መዝገብ ቤት ነው። እዚያ የምትሠራው ልጅ አዲስ ካርድ አወጣችና ሳታየኝ ስድስት ወር ቆጥራ ቀን ጻፈችልኝ። ከስድስት ወር በኋላም ትኖሪያለሽ ብላ የምትጽፍልኝ መስሎ ታየኝ። ሥራዋ ነው፤ ለሁሉም ነው የምትጽፈው። ግን መስኮቱ ላይ ተደግፌ እስክጨርስ አለቀስኩ፤ ከኋላዬ ሰልፉ ጠበቀኝ።

አሁን እናንተን፣ የታከማችሁትን፣ አንድ ነገር ልለምን። ሲነግሯችሁ «አልቋል» የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። የመድን ደብተራችሁን በደህና ጊዜ አሳድሱ፤ ምዝገባው ካለፈ ታመምኩ ቢሉ የሚሰማ የለም። ቀጠሮአችሁን ሌላ ሰውም ይወቀው። የደነዘዛችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ድንዛዜውን ሰላም ነው ብላችሁ አትመኑት። እኔ አምኜው ሁለት ዓመት ሄደብኝ።

ባለፈው ምዝገባ ታደሰ ጋሽ ጴጥሮስን ቤት ድረስ አላስመጣቸውም፤ በጠዋት ቀበሌ ሄዶ በሩ ሲከፈት አገኙት። ደብተራችንን አሳደሰ። በሚቀጥለው እሑድ ለምስክርነት ሰዓት ሲሰጥ ሳላስበው ተነሳሁ። የሰማ ሰምቷል፤ ካርዷን መውሰዴ ሲወራ ከርሟል።

«ጌታ ፈውሶኛል፤ የመሰከርኩትን አልመልስም» አልኩ። «ሚያዝያ ላይ ጅማ ቀጠሮ አለኝ። ጸልዩልኝ። ካርዷን ግን ጠረጴዛው ላይ አላስቀምጥም።»

እልል ያለ ሰው የለም። ተቀመጥኩ። ከፊት ወንበር እማማ ማርታ በመነጽራቸው ዞረው እያዩኝ ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ ማስታወቂያ የሚያነቡበትን ደብተር ከፈቱ፣ እስኪርቢቶ አወጡ።

«ሚያዝያ ስንት ቀን ነው?» አሉኝ በጉባኤው ፊት።

ነገርኳቸው፤ ጻፉት። ከሁለት ሠርግና ከአንድ ለቅሶ ቀጥሎ የእኔን ቀጠሮ አነበቡት። ዞር ስል ታደሰ ከጎኔ አጎንብሶ ቀኑን መዳፉ ላይ ይጽፋል።